ቅቤ የጠጣ ሰንሰለት

ዛሬ ጠዋት ወደ ሥራ ልወጣ ስል የብስክሌቴ ሰንሰለት ሲጥ ሲጥ አለና አባቴን አስታወሰኝ።

አባቴ ቄስ ነበሩ። ከመንደራችን መካነ ሰላም ከተማ ተመላልሼ እንድማር አሮጌ ብስክሌት ገዙልኝ። ሰንሰለቱን በለጋ ቅቤ ሲያሹት እናቴ ጮኸች።

«ኧረ ቄሱ! ለሰው ያልበቃ ቅቤ ለብረት?»

«ተይ አንቺ፣ ይቺ ጎማ ሽማግሌ ትመልሳለች።»

እኔ ጎማው ሽማግሌ የሚገጭ መስሎኝ ደነገጥኩ። በማግስቱ ቅቤው የሸተተው ውሻ ሁሉ እስከ ከተማ ተከተለኝ።

ለካ ያን ሰሞን እኔን ለትዳር የሚጠይቁ ሽማግሌዎች አባቴ ዘንድ ይመላለሱ ኖሯል፤ «ከተማ ቤት ተከራይታ ከምትበላሽ ይዳሯት» እያሉ። በየማታው በብስክሌቴ እቤቴ ስገባ ግን መምጣታቸውን ተዉ፤ ትምህርቴንም ጨረስኩ።

የሰንሰለቱ ዘይት አጠገቤ ነበር። እኔ ግን ከጓዳ ቅቤ ቆንጥሬ ቀባሁትና ወጣሁ። ውሻ ቢከተለኝ ይከተለኝ።