አክተሩ ሞቷል ያለው ልጄ

ፊደልን ያለ አስተማሪ የቆጠርኩ፣ አናጢነትንም ሌሎች ሲሠሩ እያየሁ የለመድኩ ሰው ነኝ። ሲኒማ ቤትን የሥራ ፈቶች መዋያ አድርጌ እቆጥር ነበር። ዛሬም ሐሳቤን ጨርሼ አልለወጥኩም።

በዚያ ዘመን በሰፈራችን በፈረንሳይ ለጋሲዮን ፊልም የሚያየው ጥቂት፣ የሚሰማው ግን ብዙ ነበር። ፒያሳ ወርዶ ያየ ሰው ሰፈር ተመልሶ ተኩሱን በአፉ፣ የፈረሱን ኮቴ ጭኑን እየመታ ይተርካል፤ የፊልሙን ዋና ጀግና «አክተር» ይሉታል። ከእኔ ጋር ጣውላ የሚልገው የበኩር ልጄ ከተራኪዎቹ አንዱ ነበር።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ልጄ የድንጋይ አጥር ላይ ተቀምጦ የካውቦይ ፊልም ሲተርክ ደረስኩ።

«በመጨረሻ አክተሩ ደረቱን ተመታ። ሞተ።»

ከእንጦጦ እንጨት የሚያወርድ ጎረምሳ ከአድማጮቹ መካከል ተነሣ። «ውሸታም! አክተር ይሞታል እንዴ?»

«ሞተ አልኩህ። ለቅሶ ልትቀመጥለት ነው?»

«አክተር አይሞትም! የሞተው ክፉው ነው። አንተ እንቅልፍ ወስዶህ ነበር።»

«አንተ ደግሞ የሲኒማ ቤቱን በር እንኳ አታውቀውም!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሳቁ ባይኖር የጎረምሳው ዱላ አይነሣም ነበር። የመጀመሪያው ምት የልጄ ትከሻ ላይ አረፈ። ሁለተኛውን ልጄ ራሱን ሊከላከል ባነሣው ክንዱ ተቀበለው፤ አጥንቱ እንደ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር ሰማሁ። ሦስተኛው አፉን አደማው። ሮጬ ዱላውን ስይዝ የልጄ ደም እጄን ነካው።

እንጦጦ ላይ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ሲሰማ መጥረቢያውን ይዞ ወረደ። «ክንድ ያለ ክንድ አይታረቅም!» አለ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች በማርያም አስምለው መጥረቢያውን ተቀበሉት፤ ጉዳዩ ካላለቀ ግን እንደሚገድል ሁላችንም አውቀናል።

ሽማግሌዎቹ ሲኒማ አይተው አያውቁም። ነገሩን ከሰሙ በኋላ አንዱ «የሟች ወገኖች ለምን አልመጡም?» ብለው ጠየቁ። የሳቀ አልነበረም። ሟቹ የፊልም ሰው መሆኑ ሲገባቸው እንዲህ ፈረዱ፦ ሁለታችን አባቶች ፊልሙን አብረን እንይ። ልጄ ዋሽቶ ከሆነ ጥፋቱ የጋራ ነው፤ እውነት ከተናገረ መቺው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቅ።

የጎረምሳው አባት በዕድሜ ከእኔ የሚበልጡ ገበሬ ነበሩ። በጨለማው አዳራሽ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሰው ሲገደል ሕዝቡ ያጨበጭባል፤ አፈርኩ። ነገር ግን ክፉው ከኋላ ሲመጣ «ዙር!» ብሎ የጮኸው የራሴ አፍ ነበር።

አክተሩ ተመታ። ወደቀ። አልተነሣም።

መብራት ሲበራ አዳራሹ ተናወጠ። «ፊልሙን ቆርጣችሁታል! ቀሪውን አምጡ!» ወንበር ተሰበረ፤ ሰው ሰውን ረገጠ። የተወረወረ ጠርሙስ ቅንድቤን ሰነጠቀው። የጎረምሳው አባት ጋቢያቸውን በራሴ ላይ ጥለው፣ በጀርባቸው ዱላ እየተቀበሉ ጎትተው አወጡኝ።

ደጅ ላይ ደሜን እየጠረጉ «ሞቷል፣ ወንድሜ» አሉኝ። «ልጅህ አልዋሸም።»

ጠብን የሚያስተምረው ፊልም ነው እል ነበር። ነገር ግን ያን ቀን የተደባደቡት የወደዱት ሰው ስለሞተባቸው ነው። መውደድም ካልተገራ እንደ ጥላቻ ይመታል።

ጎረምሳው ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ደጃችን ተንበረከከ። «የልጅዎን ክንድ ስለሰበርኩ ይማሩኝ።»

«ውሸታም ስላልከውስ?» አሉት ከሰፈሩ ሽማግሌዎች አንዱ።

«አባባ፣ አባቴ አይቻለሁ ብሏል። እኔ ግን አክተር ሞተ ብዬ አላምንም።»

ወንድሜ ዘሎ ተነሣ። ድንጋዩን ማውረድ የተበዳዩ ፈንታ ነው፤ እሱ ካወረደው ደግሞ በቀል የለም። ልጄ ወጌሻ ያሰረለትን ክንድ ወደ ደረቱ ሰብስቦ፣ በግራ እጁ እየታገለ ድንጋዩን ገፍቶ ጣለው።

«ሞቷል፣ አንተ ደረቅ!» አለው።

«አልሞተም» አለ ያኛው፣ ገና እንደ ተንበረከከ።

ድንጋዩ ስለ ወረደ በቀል የቀረበት ወንድሜ መጥረቢያውን ከሽማግሌዎቹ ተቀብሎ፣ ከእርቁ ማዕድ ሳይቀምስ ወደ እንጦጦ ወጣ።