በርሜል ውስጥ የተሞከረው የጀልባ ሞተር

ልጅ እያለሁ ጎፋ ግቢያችን ውስጥ ለሁለት ሳምንት ያህል የጀልባ ሞተር ተቀምጦ ነበር። ጀልባ የለም፣ ሐይቅ የለም፤ ሞተሩ ብቻ ከወፍራም ጣውላ ጋር ታስሮ እግሩን ውሃ የሞላ በርሜል ውስጥ ነክሯል። የሰፈር ሰው በአጥራችን በኩል ሲያልፍ አንገቱን እያሰገገ፣ «ጋሽ መኩሪያ፣ የጥፋት ውሃ ሊመጣ ነው እንዴ? ለእኛም ቦታ ያዝልን!» ይለዋል። አባዬ ይስቃል። ያሉትን ሳይሰማም ይስቅ ነበር፤ ያንን ግን ከእኔና ከእማዬ በቀር ማንም አያውቅም።

አባዬ የወፍጮ ቤት ሞተር ጠጋኝ ነበር። ከብስራተ ገብርኤል እስከ ፉሪ ወፍጮ በቆመ ቁጥር የሚጠሩት እሱን ነው። ሲመለስ ቅንድቡ ሳይቀር በዱቄት ነጥቶ፣ ልብሱ ናፍጣና በርበሬ እየሸተተ ይገባል፤ እኛም ተራ በተራ እናስነጥሳለን። ሥራው በጆሮ ነበር። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ ተክሎ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አስደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። «ብረት አይዋሽም፤ የሚዋሸው ሰሚው ነው» ይል ነበር።

ለሃያ ዓመት በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል የኖረ ጆሮ ግን ቀስ በቀስ እየደከመ ነበር። እኔ ያወቅኩት በፋሲካ ሰሞን ነው። ከኋላው ሆኜ ሦስት ጊዜ ጠራሁት፤ ዞር አላለም። ለእማዬ ስነግራት እጇ ላይ ያለውን ሽንኩርት አስቀምጣ፣ «ሰው ፊት እንዳታነሺው። እንጀራው እኮ ነው» አለችኝ። እኔ ድሮም ድምፄ የማይሰማ ልጅ ነኝ። ዝም ማለት አልከበደኝም።

ሞተሩን ያመጣው ጋሽ በዳሳ የሚባል የዝዋይ ጀልበኛ ነበር። አባዬ አንድ ጊዜ እዚያ ሄዶ የወፍጮ ሞተር ሲጠግን ጋሽ በዳሳ አይቶት ስለነበር፣ አምኖት ሞተሩን በጭነት መኪና ይዞ መጣ። «ማርሹ አልይዝ አለኝ» አለ። «ይይዝና መሃል ሐይቅ ላይ ይለቃል። ባለፈው ደሴቱ ጋ ደርሰን ወደኋላ ብለው እምቢ አለኝና ከድንጋይ ተላተምን። አንዲት ነፍሰ ጡር ውሃ ውስጥ ወደቀች። እግዜር ነው ያወጣት። ወንድሜ፣ ለደሴቱ ገዳም ንግሥ ጀልባ ሙሉ ሰው ነው የምጭነው።»

አባዬ ሞተሩን እንደ ሕፃን ነበር የያዘው። ከእጀታው ወደ ታች የሚወርደውን የብረት ገመድ አወጣ፣ ዝገቱን በናፍጣ አጠበ፣ ግራሶ ቀባ። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ዩኒፎርሜን እንኳ ሳላወልቅ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ማርሽ ሲገባ «ጠቅ» የምትል አንዲት ድምፅ መሰማት እንዳለባት ያስተማረኝ እሱ ራሱ ነው። የሚንገጫገጭ ከሆነ ጥርሶቹ በግማሽ ነው የተያያዙት፤ ጭነት ሲመጣ ይለቃሉ።

ጋሽ በዳሳ ሊወስደው በመጣ ቀን አባዬ ሞተሩን አስነሳ። ጭሱ ግቢውን ሞላው። እጀታውን ወደፊት ገፋው፤ መቅዘፊያው ዞረ፣ ውሃው ከበርሜሉ ተርፎ እግራችን ላይ ፈሰሰ። ለዓይን ምንም አልጎደለውም። ከሥር ግን ጥርስ እንደሚያፋጭ ሰው ያለ ድምፅ ነበር። ጋሽ በዳሳ ከእጀታው ይልቅ ውሃውን እያየ ይስቃል፤ ስለ ሞተር የሚያውቀው መንዳቱን ብቻ ነው። አባዬ አውራ ጣቱን አነሳ። «ገባ! በሰላም ንዳው።»

«አባዬ፣ አልገባም» አልኩ። አልሰማኝም። እማዬ ከበሩ ላይ ሆና አየችኝ። ደገምኩት፤ ጋሽ በዳሳ ማሰሪያውን መፍታት ጀምሯል። ያኔ ያቺ ውሃ ውስጥ የወደቀች ሴት ዓይኔ ላይ መጣችና ባለ በሌለ ኃይሌ ጮህኩ፦ «አባዬ አልገባም! አይሰማህም እንዴ?»

በአጥሩ በኩል ያለፉት ሰዎች ሳይቀሩ ቆሙ። አባዬ ሞተሩን ሳይሆን አፌን ነበር የሚያየው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አጠፋው።

«ወንድሜ፣ ትንሽ ታገሰኝ» አለው ጋሽ በዳሳን። ሞተሩን መልሶ አስነስቶ፣ ካቻቢቴውን ተክሎበት እጀታውን ወደ እኔ ዘረጋ። ጆሮዬን አስጠጋሁ። የገመዱን ዳዶ በትንሽ በትንሹ እያጠበቀ፣ እየሞከረ፣ ፊቴን እያየ «አሁንስ?» ይለኛል፤ «አልገባም» ብዬ ራሴን እነቀንቃለሁ። በአምስተኛው ይሁን በስድስተኛው «ጠቅ» አለ። ወደኋላም ሞከርነው፤ ያዘ። ጋሽ በዳሳ ግንባሬን ስሞ ሞተሩን ጭኖ ሄደ። በዓሉ አልፎ ሰው ሁሉ በሰላም መሻገሩን ላከልን።

አባዬ በዚያን ቀን እራት አልበላም። መደቡ ላይ አጠገቡ አስቀምጦኝ፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?» አለኝ። ግድግዳው ላይ ካለው ቀን መቁጠሪያ በጣቴ አሳየሁት፤ ፋሲካን። «ታዲያ ይህን ሁሉ ወር ስንቱን ሞተር እንደዚህ አድርጌ ሰጥቻለሁ? ለምን ዝም አልሽኝ?» አለ። ቁጣ አልነበረውም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እማዬን አሳልፌ መስጠት አልቻልኩም።

ወሬው ከአጥሩ አልፎ ወጣ። ወፍጮ ቤቶቹ መጥራት ተዉ። ስድስተኛ ክፍልን ስጨርስ ትምህርቴን ትቼ ሁለት ዓመት አብሬው ዞርኩ፤ እሱ ይፈታል፣ እኔ አዳምጣለሁ። ግን ባለወፍጮዎቹ በሴት ልጅ ጆሮ ሞተራቸውን ማመን አልፈለጉም። አንድ ቀን የመፍቻ ሳጥኑን አልጋ ሥር ገፋው፤ ዳግም አላወጣውም።

ዛሬ አባዬ ሽማግሌ ነው፤ ምንም አይሰማም። ያኔ እኔና እሱ በአንዲት «አሁንስ?» እንግባባ ነበር፤ አሁን የምነግረውን ሁሉ ደብተር ላይ እጽፍለታለሁ። መነጽሩን አድርጎ፣ ጣቱን ከመስመሩ ሥር እያስኬደ ያነባል። ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለሞተው ጎረቤት ስጽፍለት ሦስተኛው ደብተር እያለቀ ነው። ለዚያ «ለምን ዝም አልሽኝ?» ለሚለው ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ መልስ አልጻፍኩለትም። አንዳንዴ «እማዬ ናት ዝም በይ ያለችኝ» ብዬ እጀምርና፣ እሷ እኮ አፈር ለብሳለች ብዬ ገጹን ቀድጄ እጥለዋለሁ። ከዚያ በአዲስ ገጽ ላይ «ምሳ ደርሷል» ብዬ እጽፍለታለሁ።