የናይራ ቁንጮ

ገመዳ መልእክቱን ሳይከፍት ሦስት ቀን ቆየ። ከሲያትሉ ሬኒየር ቫሊ ተነሥቶ ኦበርን ወደሚሠራበት የዕቃ ዌርሃውስ ሲሄድም ሲመለስም ስልኩ ደረት ኪሱ ውስጥ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ያወጣዋል፣ የላኪውን ስም ያያል፣ መልሶ ይከተዋል። ኤውሴቢዮ ይላል። ገመዳ ከቦሊቪያ ከተመለሰ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ከዚያ መንደር የሚመጣ ነገር ስለ ምን እንደሚሆን ሳይከፍተውም ያውቃል።

እሑድ ከሰዓት ልጁ ቢታንያ ከቡሪየን ልትጠይቀው መጣች። ክሊኒክ ውስጥ ስለምትሠራ ስፓኒሽ ከእርሱ የበለጠ ትሰማለች።

«ዳድ፣ ይሄን ሳትሰማው ነው እንዴ የተቀመጥከው?» አለችና ራሷ ከፈተችው።

የድምፅ መልእክት ነበር። መጀመሪያ ነፋስ፣ ቀጥሎ የውሻ ጩኸት፣ ከዚያ ኤውሴቢዮ፣ እንደ ልማዱ ቃል እየቆጠበ። ቢታንያ እያቆመች ተረጎመችው። ልጁ ናይራ ስድስት ዓመት ሞልቷታል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ትምህርት ቤት ትገባለች። ጸጉሩ እንዳለ ነው፤ የሠፈር ልጆች ይስቁባታል። «ወይ መጥተህ ቁረጠው፣ ወይ ሌላ ሰው ይቁረጠው በለን። ያላንተ ቃል አንነካውም።»

«ምን ጸጉር?» አለች ቢታንያ።

ገመዳ ይህን ለማስረዳት ከእናቷ ሞት መጀመር ነበረበት፤ ስለዚህ ተነሥቶ ሻይ ጣደ።

ሚስቱ እናኑ ስትሞት ገመዳ አላለቀሰም። ለቅሶ የመጡት ሰዎች «ወንድ ነው፣ ቻለው» ብለው አደነቁት። መቻል አልነበረም። ክንድን ተንተርሰው ሲያድሩ እንደሚደነዝዘው ያለ ነገር ነበር፤ ልዩነቱ፣ የደነዘዘ ክንድ ሲነቃ ይጠዘጥዛል፣ የእርሱ ግን አልነቃም። ዕቃ ይጭናል፣ ያወርዳል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ሁለት ዓመት እንዲህ ከኖረ በኋላ አንድ የበጎ ፈቃድ ድርጅት የውሃ ባለሙያ እንደሚፈልግ ሰማ። አገር ቤት ሳለ ሃያ ዓመት የሠራው የውሃ ቧንቧ ሥራ ነው። ተመዘገበ፤ ቦሊቪያ ደረሰው።

«ሰው ከድሃ አገር አሜሪካ ይመጣል» አለው ሙሀሲን፣ ሬኒየር ጎዳና ላይ ሱቅ ያለው የሃያ ዓመት ወዳጁ። «አንተ ጭራሽ ወደ ኋላ ትነዳለህ። ዋንዌይ ነው እኮ መንገዱ!»

መንደሪቱ ከኦሩሮ ከተማ የሦስት ሰዓት መንገድ፣ ዛፍ የሌለባት ብርዳም ደጋ ነች። እዚያ ገመዳ በሃምሳ ሰባት ዓመቱ ፈረንጅ ሆነ። ጥቁሩ ግሪንጎ ይሉታል፤ ልጆች ይከተሉታል፤ አሮጊቶች ስለ አሜሪካ በረዶ ይጠይቁታል። ነገሩ አዲስ አልሆነበትም፤ ሌላኛውን ወገን ያውቀዋልና። ፍቼ ተማሪ ሳለ ሚስተር ዴቪድ የሚባል ወጣት አሜሪካዊ በጎ ፈቃደኛ ሁለት ዓመት ሒሳብ አስተምሮት ነበር። ሲሄድ እመለሳለሁ አለ። ተማሪዎቹ ሁለት ክረምት ሙሉ ቤቱን እየጠረጉ ጠበቁት። በሦስተኛው ክረምት የእህል ነጋዴ ተከራየው።

ስለዚህ ገመዳ ቦሊቪያ የገባው ለራሱ አንድ ነገር ምሎ ነው፤ ቧንቧ እዘረጋለሁ እንጂ እመለሳለሁ የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም ብሎ።

ያረፈው ኤውሴቢዮ ቤት ነበር። ከምንጩ እስከ መንደሩ ያለውን ቦይ ሰዉ እንደ ደቦ ተሰብስቦ ይቆፍራል። በምሳ ሰዓት ሴቶቹ አንድ ረጅም ጨርቅ መሬት ላይ ያነጥፋሉ፤ ሁሉም ከቤቱ ያመጣውን ድንችና ባቄላ እዚያው ይዘረግፍና ዙሪያውን ቁጢጥ ብሎ አብሮ ይበላል። ገመዳ በዚያ ጨርቅ ዙሪያ ቦታ ነበረው፤ በኤውሴቢዮና አኩራፊ በሆነች በቅሎው መካከል። በቅሎዋ ድንች ትሰርቀዋለች፤ ሰዉ ይስቃል። እርሱም የሚስቅ ይመስል ነበር።

በዚያ አገር የሕፃን ጸጉር አይነካም። ልጁ ሁለት ሦስት ዓመት ሲሞላው ይደገሳል፤ ቤተሰቡ የመረጠው ሰው የመጀመሪያውን ጉንጉን ይቆርጥና አበልጅ ይሆናል። የናይራ ቀን ሲደርስ ኤውሴቢዮ ምንም ሳይነግረው ቆይቶ፣ ሰዉ ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ፣ መቀሱን አበባ በተነሰነሰበት ሳህን ላይ አድርጎ ገመዳ ፊት አቀረበ።

ገመዳ መቀሱን አላነሣም።

«አልችልም» አለ በተሰባበረ ስፓኒሹ። «እኔ ሂያጅ ነኝ። በእኛ አገር የክርስትና አባት የሆነ ሰው እስኪሞት አባት ነው።»

«በእኛም አገር እንደዚያው ነው» አለ ኤውሴቢዮ። «አንተን የጠየቅነው ለዚህ ነው።»

ገመዳ ራሱን ነቀነቀ። የተናገረው እውነት ነበር፤ ግን ሙሉው እውነት አልነበረም። ልጅቷ አጠገቡ ቆማ እያየችው ምንም አልተሰማውም፤ ምንም የማይሰማው ሰው ደግሞ አባት ሊሆን አይገባም ብሎ አሰበ። ሰው ልቡ ሲደነዝዝ ሐቀኛ የሆነ ይመስለዋል። ስለማይዋሽ አይደለም፤ የሚዋሽለት ነገር ስለሚያጣ ነው።

ማንም አልተቆጣም። ኤውሴቢዮ ሳህኑን ለወንድሙ አስተላለፈ፤ ዘመዶቹ ተራ በተራ ቆረጡ። የመጀመሪያዋን ጉንጉን፣ ከማጅራቷ በላይ ያለችውን፣ ግን አንድም ሰው አልነካትም። የናይራ ራስ ተላጭቶ አንዲት ቁንጮ ቀረች። ገመዳ የራሱን ልጅነት አስታወሰ፤ እናቱም እንዲህ ያለች ቁንጮ ትታለት ነበር።

«እርሷ ያንተ ናት» አለው ኤውሴቢዮ። «ትቆይህ።»

በማግሥቱ ሁሉም ለቁፋሮ መጣ። ምሳ ሲደርስ ጨርቁ ተነጠፈ፤ ለገመዳ ግን ምግቡ በንጹሕ ሳህን፣ ከማንኪያ ጋር፣ ለብቻው መጣለት። እንደ እንግዳ። ሥራው እስኪያልቅ፣ ሰባት ወር ሙሉ፣ በዚያ ሳህን በላ። ውሃው መንደር የገባ ዕለት ከበሮ ተመታ፤ ገመዳ የቧንቧውን መክፈቻ አጥብቆ አየና እንደማያፈስ አረጋግጦ ሻንጣውን ለማሰር ገባ።

«ዳድ» አለች ቢታንያ ስልኩን እንደያዘች። «ሶ፣ ምን ልበላቸው?»

«ሌላ ሰው ይቁረጠው በያቸው።»

«እኔ አልልም። ዩ ቴል ዘም» ብላ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለት ሄደች።

መቅጃውን ነካ። «ኤውሴቢዮ» አለ። ከዚያ አርባ ሰከንድ የፍሪጅ ድምፅ ተቀዳ። አጠፋው። እንደገና ሞከረ፤ ያው ሆነ። ሌላ ሰው ይቁረጠው ለማለት በስፓኒሽ አራት ቃል ነው የሚያስፈልገው፤ አራቱንም ያውቃቸዋል። ደነዘዝኩ የሚል ሰው አራት ቃል እንዴት ያቅተዋል እያለ ተቀመጠ።

ሰኞ ከሥራ ሲመለስ ሙሀሲን ሱቅ ገባና ነገሩን ሁሉ ነገረው። ሙሀሲን የሽንኩርት ጆንያ እየፈታ ሰማው።

«ባርበር አጥተው ነው ሲያትል ድረስ ኮል ያደረጉት?»

«አትቀልድ።»

«አልቀለድኩም። ሦስት ዓመት ተኩል አንድ ጸጉር የጠበቀልህ ሰው አለህ። እኔ ወንድሞቼ እንኳ ስልክ ቁጥሬን አልጠበቁልኝም።»

«ሄጄስ? ምንም ባይሰማኝስ?»

«እና ልጅቷ ያንተን ሆድ ምን አገባት? እርሷ የምትፈልገው እጅህን ነው። እጅ አለህ አይደል?»

ገመዳ እጁን አየ። ከዚያ «መቀስ አለህ?» አለ።

ሙሀሲን ከኋላው መደርደሪያ ትልቁን የልብስ መቀስ አወረደ። ገመዳ እጁን ሲዘረጋ ግን አልሰጠውም፤ ባንኮኒው ላይ አኖረው።

«መቀስ ከእጅ ወደ እጅ አይሰጥም፣ ያጣላል ትል ነበር እናቴ። ራስህ አንሣው። ደሞ በእጅ ሻንጣ እንዳትይዘው፣ ኤርፖርት ይቀሙሃል። ቼክ ኢን አድርገው።»

ገመዳ መጀመሪያ ስልኩን አወጣ። መቅጃውን ነካና በስፓኒሽ «አትንኳት፣ መጣሁ» ብሎ ላከው።

«ቀለለህ?» አለው ሙሀሲን።

ገመዳ ስልኩን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«አላውቅም።»

«ይሁን» አለና ሙሀሲን ወደ ሽንኩርቱ ተመለሰ።

ገመዳ መቀሱን አነሣ። ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር።