እንግዳ ሲመጣ የሚጠራው ወንድም

ሲስተር በአንድ የሱስ ማገገሚያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በነርስነት ሠርታለች። ጉልበቷ እንደ ድሮው አይደለም፤ ትዕግሥቷማ ካለቀ ቆይቷል፣ በልምድ ነው የምትገፋው። መድኃኒቱንም ሥልጠናውንም የሚልኩት አጋር አገሮች ስለሆኑ በየጊዜው ልዑካን ይመጣሉ። እንግዳ ሊመጣ ሲል ግድግዳው ይቀባል፣ አንሶላው ይቀየራል፣ ካገገሙት ውስጥ አንደበተ ርቱዕ የሆነው ተመርጦ ታሪኩን ይናገራል። የቤቱ ልማድ ነው።

የሚመረጠው ደግሞ የገዛ ታናሽ ወንድሟ ነው። ለዚያውም ለተናጋሪነት ስሙን ያስመዘገበችው ራሷ ናት! ከእፅ ከተላቀቀ ስምንት ወር ሞልቶት ነበር፣ ኮርታበት። እሱም አፍ አለው፤ ያስቃል፣ ያስለቅሳል። እንግዶቹ አጨበጨቡ፣ የማገገሚያው ኃላፊ ወደደው፤ ከዚያ ወዲያ ማን ይልቀቀው? አራት ጊዜ ተናገረ። በተናገረ ቁጥር ግን ያ የቀበረው አምሮት ይነሳበታል፤ ሦስት አራት ቀን እንቅልፍ የለ፣ ምግብ የለ፣ በር ላይ ቆሞ መንገድ መንገዱን ያያል። ባለፈው ጊዜ ጫማውን ደብቃ ነው ያስቀረችው። ይህ ጉድ ለማን ይነገራል?

ለኃላፊው ነግራዋለች። እሱም ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ከአጋሮቹ ጋር ያለው ስምምነት ካልታደሰ የሰማንያ ሰው መድኃኒት ይቆማልና ይቺን አንዴ ብቻ ይርዳን አላት። ያቺ "አንዴ ብቻ" እንግዲህ አምስተኛዋ መሆኗ ነው።

ልዑካኑ በመጡበት ጠዋት ወንድሟ የተዋሰውን ኮት ለብሶ፣ እጆቹን ጉልበቶቹ መሃል ሸጉጦ ከፊት ተቀመጠ። ኃላፊው ሲጋብዘውና ሊነሳ ሲል እሷ ከኋላ ብድግ አለች።

"ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ዛሬ እሱ አይናገርም። እናንተ ስትሄዱ የሚታመመው እሱ ነው፣ የምጠብቀው እኔ ነኝ። ደክሞኛል።"

አስተርጓሚው ኃላፊውን አየ፣ ኃላፊው ጣሪያውን። ቢሆንም ተረጎመው። ሲስተር የሰማንያውን ሰው መድኃኒት በገዛ አፌ አስቀረሁት ብላ አሰበች።

ከእንግዶቹ መሃል አንዲት ሽበታም ሐኪም ማስታወሻዋን ዘጋች። በእነሱም አገር እንዲህ ያለ ጥሩ ተናጋሪ እንደነበር ተናገረች፤ በየስብሰባው ይዘውት ዞሩ። አስተርጓሚው ቀሪውን ድምፁን ዝቅ አድርጎ አቀበለ፦

"ሰባት ጊዜ አስነገርነው። በስምንተኛው የተናገርነው እኛ ነን፣ መቃብሩ ላይ።"

ከዚያ ሐኪሟ የሕክምና መዝገቡንና የመድኃኒት ክፍሉን ማየት እንደሚበቃቸው ተናገረች። ስምምነቱ ከወር በኋላ ይታወቃል ተባለ። ሁሉም ተከታትለው ወጡ፤ እህትና ወንድም ከባዶ ወንበሮች ጋር ቀሩ።

አጠገቡ ሄዳ ተቀመጠች። ቀድመህ እምቢ ብትል ኖሮ ምን ነበረበት ብላ በለሆሳስ ተቆጣችው። እሱ ግን ቀና ብሎ እንኳ አላያትም።

"እታለም፣ እኔ እኮ ዝም ያልኩት አንቺ ስትኮሪብኝ ደስ ስለሚልሽ ነው።"

ሲስተር ነጠላ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ዘረጋችና እዚያው አለቀሰች።