ኮምፒውተሩ ያነበበው ስም
የሮቤ ከተማ መሥሪያ ቤታችንን ድረ ገጽ የሠራሁት እኔ፣ የተመሰገነው ባልደረባዬ ከድር! ከረባት አስሮ የተነሳውን ፎቶ እንኳ የጫንኩለት እኔው ነኝ፤ በቅናት እያረርኩ።

አንድ ጠዋት ኃላፊያችን ከጎሮ ከተማ ኦቦ ጀማል የሚባሉ መምህር አስጠሩ። መምህሩ ዓይነ ስውር ናቸው፤ ላፕቶፓቸው ጽሑፉን ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል። ድረ ገጹ ይመቻቸው እንደሆነ ሊፈትሹልን ነው።

«ፎቶዎቹን በጽሑፍ አልገለጻችኋቸውም» አሉ ቅር ብሏቸው። «እንዲህ ሲሆን የሚያነብልኝ የፋይሉን ስም ነው።»

የፋይሉን ስም! የከድርን ፎቶ ምን ብዬ እንደሰየምኩት ትዝ አለኝ።

«ኦቦ ጀማል፣ ይቺን ይለፏት» ብል ከድር ቀደመኝ፦ «ኧረ የእኔ ፎቶ ናት፣ ይስሟት!»

ላፕቶፑ በፈረንጅ አፉ «ጉረኛው ከድር» አለ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ኦቦ ጀማል ግን ፈገግ ብለው፣ «ይቺኛዋ እንኳ ተገልጻለች» አሉ።