በብርጭቆ የቀረበው የቡና ማጠቢያ ውሃ

የዚያን ቀን ሁሩሙ አጠገብ ባለው የቡና ማጠቢያ የነበርነው አምስት ሰዎች ነን፦ እኔ፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጄ፣ የእሷ አስተማሪ፣ የማሽኑ ሠራተኛና ጥበቃው ሽማግሌ። ኋላ ላይ ብዙ ሰው አይቻለሁ ቢልም ሌላ ማንም አልነበረም።

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። የልጄን ሥራ ያወቅሁት አብሬያት ስለደከምኩ ነው። ቀይ ቡና የታጠበበት ውሃ ጠቁሮና ኮምጥጦ ወንዝ ይገባል፤ ከታች ያሉ ሰዎች ከብት እንኳ አያጠጡበትም። የልጄ የመመረቂያ ሥራ ያንን ውሃ በቡና ገለባ ማጣራት ነበር። ገለባውን መቱ ከተማ ከሚጣልበት በጆንያ ሰበሰብን። አፉ በጭቃ በተመረገ በርሜል አከሰልነው፤ በእኔ ሙቀጫ ወቅጠን፣ አጥበን አደረቅነው። ማጠቢያው ስንደርስ ልጄ በሌላ በርሜል ከአሸዋና ከጠጠር ጋር ደረደረችውና ጥቁሩን ውሃ ከላይ አፈሰሰችበት።

ብርጭቆውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። የፕላስቲክ ኩባያ መጥራቱን አያሳይም ብላ ስትጨነቅ፣ ለእንግዳ የማወጣውን አጥቤ በፎጣ ጠቅልዬ ያዝኩላት።

ከታች የወጣው ውሃ ጠርቶ ነበር። አስተማሪው አየውና ጥሩ ነው እንደማለት ራሱን ነቀነቀ። ልጄ ደስ ብሏት ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ጎንበስ ብላ ለሽማግሌው ዘረጋች። እንዲያዩት ነበር። ለታላቅ በአንድ እጅ አይሰጥም ብዬ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። እሳቸውም ከወሎ በሰፈራ የመጡ፣ ሥርዓት አዋቂ ሰው ናቸው፤ "እደጊልኝ" ብለው መረቋት፤ "ቢስሚላህ" ብለው ጨለጡት።

"ዲሳ፣ ጋሼ! ይተዉት!" ብሎ ማሽን ሠራተኛው ኦሮምኛውን ከአማርኛ ቀላቅሎ ሲጮህ ብርጭቆው ባዶ ነበር።

"አይጠጣም እኮ!" አለች ልጄ። "ቀለሙ ነው የለቀቀው፤ ሌላው ገና አልተመረመረም።"

"ታዲያ ለምን ሰጠሽኝ?"

"እንዲያዩት ነው።"

"በብርጭቆ ሰጥተሽኝ ልየው?"

ማሽን ሠራተኛው ሳቀ። "ገለባ አጣሪ መስሎን፣ ለካ ጋሼ ራሳቸው ላቦራቶሪ ናቸው!"

እኔ አልሳቅሁም። ጤና ጣቢያ እንሂድ ብዬ ለመንኳቸው። "እትዬ፣ የዚህን ወንዝ ውሃ ስንት ዘመን ጠጥቻለሁ፤ አሁን የታጠበው ይገድለኛል?" ብለው እንቢ አሉ።

በሦስተኛው ቀን በሚኒባስ ሄጄ ጠየቅኋቸው፤ ደህና ነበሩ። በሳምንቱ ስመለስ ሆዳቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። "ሚጥሚጣ በዝቶብኝ ነው" አሉኝ። ጤና ጣቢያ አሁንም አልሄዱም። የምርመራው ውጤት ሲመጣ ቆሻሻው በጣም መቀነሱን፣ ለመጠጥ ግን እንደማይሆን ልጄ አነበበችልኝ። ተመረቀች። ልነግራቸው ስሄድ የቡና ወቅቱ አልቆ ማጠቢያው ተዘግቷል። ያዮ ወዳለች ልጃቸው ሄዱ አሉኝ፤ ታመው ይሁን ደህና ሆነው፣ የነገረኝ ሰው አያውቅም። ልጄ "እማ፣ በአንድ ብርጭቆ ሰው አይሞትም" ትለኛለች፤ ግን እሷም ስለ እሳቸው ትጠይቃለች።

ሽማግሌው ረጅም ናቸው፤ ግራ እግራቸውን ትንሽ ይጎትታሉ። ያዮ አካባቢ ያያቸው ወይም ስለ ጤናቸው የሰማ ሰው ካለ፣ እባካችሁ ንገሩኝ።