ወደ በሩ የዞረው ወንበር

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት የሟች እህቴ የብርቄ የልጅ ልጅ ሕሊና ደብተሯን ብብቷ ሥር ይዛ መጣች። የኅዳር ውርጭ ገና ከሣሩ ላይ አልለቀቀም ነበር። እዚሁ ደብረ ብርሃን ኮሌጅ ትማራለች፤ እኔ ደግሞ ጡረታ እስክወጣ እንግሊዝኛ ሳስተምር ስለኖርኩ የቤት ሥራ ሲከብዳት የምትሮጠው ወደ እኔ ነው። ትኩስ ቂጣ በቅቤና በበርበሬ ቀብቼ ሰጠኋትና ጥያቄውን አነበበችልኝ። በአንድ የታወቀ የእንግሊዝ ልብ ወለድ ውስጥ ላለው አሳዛኝ ፍቅርና በቀል ምክንያቶቹን ዘርዝሩ ይላል።

ታሪኩን እንደማላውቅ ሆኜ አስነገርኳት። ወላጅ የሌለው ልጅ ሰው ቤት ያድጋል፣ የቤቱን ሴት ልጅ ይወዳል፣ እሷ ሌላ ታገባለች፣ እሱ ጠፍቶ ይከርምና ባለሀብት ሆኖ ተመልሶ ሁሉንም ይበቀላል።

«እቴቴ፣ እንዲህ የሚወድ ወንድ ዛሬ የት ይገኛል?» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ያንን መጽሐፍ በማስተማር ዘመኔ ሁለቴ ጀምሬ ሁለቴም ከመሐሉ ዘግቼዋለሁ። ሌላው ሰው ከንፈሩን እየመጠጠ የሚያነበውን እኔ እንደ ሻገተ ዳቦ ነው የምገፋው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና፣ ሥሩን የማውቅ ሰው በመሆኔ ነው።

አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው አንኮበር ወረዳ፣ ከጎረቤላ ትንሽ ወረድ ብሎ ነው፤ አባቴ የደብሩ ቄስ ነበሩ። ጎረቤታችን አቶ ወልዴ አስካለ የምትባል አንድ ሴት ልጅ ነበረቻቸው። ደምሴ የሚባል ወላጆቹ የሞቱበት ልጅም በቤታቸው አድጎ፣ እያረሰ፣ እንጨት እየፈለጠ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶታል። ደምሴና አስካለ እንደሚዋደዱ ከአዋቂዎቹ በፊት እኛ ልጆቹ አውቀን ነበር። አስካለ ከወንዝ ውሃ ቀድታ ስትመለስ እንስራዋን ከጫንቃዋ የሚያወርድላት እሱ ነበር፤ ያን ያህል ነው፤ ከዚያ ያለፈ ነገር ማንም አላየም።

እናቷ ወይዘሮ ዘነበች ግን አዩ። ብልህ ሴት ናቸው ይባሉ ነበር። ብልህነታቸውን እስከ ዛሬ አስበዋለሁ፤ ባሰብኩት ቁጥርም ምራቄን መትፋት ያምረኛል። ልጁን አላባረሩትም፣ ልጅቱንም አልገረፏትም። ባላቸውን አግባብተው ደምሴን የጡት ልጅ አስደረጉት። በእኛ አገር አሳዳጊው አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ ይዘረጋል፣ የሚያድገው ልጅ ይጠባል፤ ከዚያ በኋላ ከአብራክ ልጅ አይለይም። ሥርዓቱ የተሠራው ለምስኪን ልጅ መጠጊያ እንዲሆን ነበር።

አዲስ ማር የተቆረጠ ሰሞን ነው። ጠላ ተጠምቆ፣ ዳቦ ተደፍቶ፣ ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ አባቴ መስቀላቸውን ይዘው መሐል ላይ ነበሩ። ደምሴ ከአውድማ ተጠርቶ ገለባው በፀጉሩ ላይ እንዳለ ገባ። ለምን እንደተጠራ የነገረው የለም። አቶ ወልዴ ማር የሚንጠባጠብበትን ጣታቸውን ዘረጉለት። እንጀራ ያበላ ሰው በሽማግሌ ፊት የዘረጋውን ጣት መግፋት አይሞከርም። ጺም ያበቀለው ጎረምሳ ተንበርክኮ ጠባ። አባቴ ባረኩ፣ እልል ተባለ። አቶ ወልዴም በደስታ አስካለን ጠርተው፣ «ነይ፣ ወንድምሽን ሳሚው» አሏት። እጅ የምታስታጥብበትን ማሰሮ እንደያዘች ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያኔ ደምሴ ምን እንደጠባ ገባው። እኔ ዳቦዬን እየበላሁ ነበር፤ ጥሩ ዳቦ ነበር፤ ያም ያስጠላኛል።

በዚያው ሳምንት ጠፋ። ከሁለት ዓመት በኋላ አስካለ ታላቅ ወንድሜን ጌታሁንን አገባች፤ ያኔ ዲያቆን ነበር፣ በኋላ ቀሰሰ። ደህና ሰው ነው፣ ደህና ኖሩ።

ደምሴ ከስድስት ዓመት በኋላ ከደብረ ሲና የራሱን የጭነት መኪና እየነዳ ተመለሰ። ማንም ሊያስቀረው አልቻለም፤ የአስካለ ወንድም ነዋ! በየበዓሉ ሙክት አስጎትቶ ወንድሜ ቤት ይመጣል፣ የወንድም ቦታ ላይ ይቀመጣል፣ አስካለ እጁን ታስታጥበዋለች። ወይዘሮ ዘነበች እሱን ያሰሩበትን ገመድ መልሶ በእነሱው ላይ አሰረው። ሰው ሁሉ ግን ውለታ የማይረሳ ልጅ እያለ ያመሰግነው ነበር።

እኔ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይቼ እማራለሁ። ትምህርት ሲዘጋ በመኪናው ወደ ጎረቤላ ይወስደኝ ጀመር። መንገዱ ኮረኮንች፣ ጉሙ ጥቅጥቅ ያለ፣ የመኪናው ውስጥ ግን ሞቃት ነበር። ትኩስ ዳቦና የባቄላ ቆሎ ይገዛልኛል። አያወራም። ዝምታውን ጥልቀት አድርጌ ቆጠርኩት፤ ልጃገረድ ስትባል የማይናገር ወንድ ካገኘች የጎደለውን ሁሉ ራሷ ትሞላለታለች። ሽማግሌ እልካለሁ ሲለኝ ለሦስት ቀን እህል አልበላ አለኝ፤ ከደስታ።

በሚቀጥለው ጉዞ ስለሚሠራው ቤት አወራኝ። ወንድሜ ቤት ፊት ለፊት ቦታ ገዝቷል፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ በሩ ከነሱ በር ጋር ይገጣጠማል።

«ጠዋት ጠዋት በሯን ስትከፍት አንቺን እኔ በር ላይ ታይሻለች» አለ።

«ማን?»

እንደ ቂል አይቶኝ ፈገግ አለ። በስንት ጉዞ የመጀመሪያ ፈገግታው ነበር። ለእኔ እንዳልሆነም ወዲያው አወቅሁ። አቁም አልኩት፣ አቆመ፣ ወርጄ የጎረስኩትን ዳቦ ገደል ውስጥ ተፋሁትና የቀረውን መንገድ በእግሬ ሄድኩ። ከኋላዬ አልጠራኝም።

ቤት ስደርስ ለአባቴ ትምህርቴን ልጨርስ ነው የምፈልገው አልኳቸው። ሌላውን ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት። ሰው ለሌላ ሴት ዓይን መውጊያ ሊያደርገኝ አስቦ ነበር ብሎ መናገር ያሳፍራል፤ ደግሞ እያወቅሁም አንድ ሳምንት ሙሉ ልቤ የመኪናውን ድምፅ ሲጠብቅ ነበር።

ከሦስት ወር በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። የጠየቁት ግን ብርቄን ነው። ታናሼ ናት፣ አሥራ ሰባት ዓመቷ፤ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ የምትሸፍን ልጅ። አባቴ ደስ አላቸው፤ ሠራተኛ ነው፣ የምናውቀው ነው፣ ልጄ ከወንድሟ ደጅ ልትኖር ነው አሉ።

ለሠርጉ ወጥ ሽንኩርት ስንከትፍ አስካለ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ሽንኩርቱ ሁለታችንንም ያስለቅሰናል።

«አንቺን ምን ብሎሽ ነው እንቢ ያልሽው?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«ትምህርቴን ነው።»

ቢላዋውን አስቀመጠች። «እኔ ብናገር ወንድሟን ትመኛለች ይሉኛል፤ የባሌ ክህነትም፣ ቤቴም ይፈርሳል። አንቺ ከተናገርሽ ግን ያምኑሻል። ልጅቱን አድኛት።»

ሽንኩርቴን መክተፍ ቀጠልኩ። ብርቄ ጓዳ ውስጥ ጓደኞቿ እጇን እንሶስላ ሲያሞቋት ትስቃለች፣ እስከኛ ይሰማል። ደስ ብሏታል ብዬ ራሴን አታለልኩ። ምናልባት ይወዳት ይሆናል አልኩ። እውነቱ ግን እኔን ለዚያ ብቻ እንደፈለገኝ አገር እንዲያውቅብኝ አልፈለግሁም። ለትዕቢቴ ስል እህቴን ሰጠኋት።

ደምሴ ብርቄን አልመታትም፣ አልሰደባትም። ወንበሩን ወደ በሩ አዙሮ ይቀመጥ ነበር፤ ሌላ ምንም አላደረገም። ምሳውን እዚያው ይበላል፣ ከመንገድ ሲመለስ እዚያው ይውላል። ብርቄ አራት ልጆች ወለደችለት፤ አብዛኛውን ዕድሜዋን ግን ጀርባውን እያየች ኖረች። ዓመት ሳይሞላ ወንድሜ በአስካለ ልመና ራቅ ወዳለችው ወደ ለሚ ከተማ ተዛውሮ ቤቱን ዘጋው። ደምሴ ግን ወንበሩን አላዞረም። የተዘጋ በር እያየ አረጀ። ይኸ ነው እንግዲህ የሚለቀስለት ፍቅር!

ሕሊና ቂጣዋን ጨርሳ እስክሪብቶዋን አነሳች። ዘር፣ ድህነትና ኩራት የሚሉ ሦስት ምክንያቶች ጽፋለች፤ አራተኛ ጎድሏታል። በልቤ ሳወጣ ሳወርድ የቆየሁትን ትዝታ አታውቅም፤ እንባ ያቀረረችለት ዓይነት ወንድ የገዛ አያቷ እንደሆነም አታውቅም።

«እያወቀ ዝም ያለ ሰው ብለሽ ጻፊ» አልኳት።

«መጽሐፉ ውስጥ አለ እንዴ?»

«ፈልጊ፣ አታጪውም።»

ጻፈች። እኔም እንግዲህ መናገር ካለብኝ ከዚህ ልጀምር ብዬ፣ አያቷ ወንበሩን ወደ በሩ አዙሮ ይቀመጥ የነበረው ለምን እንደሆነ ታውቅ እንደሆን ጠየቅኋት።

«አዎ፣ ልጅ ሆነን አያቴ ብርቄን ጠይቀናት ነበር» አለች፣ ቀና ሳትል። «ሙቀት አይወድም፣ ነፋስ ሊቀበል ነው ብላናለች።»

አንኮበር ላይ፣ ሰው በጠራራ ፀሐይ ጋቢ በሚደርብበት አገር፣ ነፋስ ለመቀበል ደጅ ደጁን እያየ የሚውል ሰው የለም። ብርቄ ታውቅ ኖሯል። እኔን ግን ስለ ወንበሩ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀችኝም፤ በየፋሲካው ስሄድ ዶሮውን የምታቀርብልኝ ለክብር እንግዳ ከሚወጣው ከፈረሰኛው ጋር ነበር።

ሕሊና ደብተሯን ዘግታ ልትሄድ ተነሳች። «ነፋስ አልነበረም» ብዬ እጇን ይዤ አስቀመጥኳት።